የድሬሰሩ ዋስ

በ1970 ዓ.ም. በመጋቢት አጋማሽ፤ በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ያለው ቡና ነጭ አበባውን ባወጣበት ሰሞን፤ የአውራጃው ፍርድ ቤት ከወትሮው ይልቅ ጸጥ ብሎ ነበር። ቀድሞ በዚያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የድንበርና የውርስ ባለጉዳይ እየተጯጯኸ ይሟገት ነበር፤ አሁን ግን የኋለኛው ክፍል እስር ቤት ሆኗልና ወደ ግቢው የሚገባ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ተሟጋቾቹም ክርክራቸውን ትተው በየቤታቸው መታረቅን መረጡ፤ እንዲህ ያለ ሰላም ከዚያ በፊት በአገሩ ታይቶ አያውቅም።

ዳኛ ወልደጻድቅ በዚያ ወንበር ላይ ያረጁ፤ ሕግ አዋቂ፤ ነገር ግን ፈሪ ሰው ነበሩ፤ ፈሪነታቸውንም ራሳቸው አይክዱም። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ ታፈሰ ማለዳ ቢሯቸው ገብቶ፤ «ጓድ ዳኛ፤ ዛሬ አንድ ልጅ ይቀርብልዎታል፤ ለእኛ እንዲተላለፍ ይፈርሙ፤ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም» ሲላቸው፤ «እሺ፤ ጓድ» አሉ። ለታፈሰ የተላለፈ ሰው በቴፒ መንገድ በመኪና ይወሰዳል፤ ሲመለስ ያየው የለም።

ልጁ እንድርያስ ይባላል፤ የቤንች ተወላጅና የአማን ጤና ጣቢያ ድሬሰር፤ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው፤ ክሱም «የቆሰለ ፀረ አብዮተኛ አክመሃል» የሚል ነበር። ዳኛው ስሙን ጠየቁት፤ ዕድሜውን ጠየቁት፤ ከዚያም ምላሳቸው የለመደውን ተናገረ።

«ዋስ አለህ?»

ያሉትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ዘመኑ ዋስ የሚጠራበት አልነበረም፤ ለእንዲህ ያለ ተከሳሽ ዋስ መሆን በገዛ እግር ሞት ፊት መቅረብ ነበር። የችሎቱ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ከኋላ ወንበር ግን የቡና ነጋዴው ሸምሱ ቆቡን አስተካክሎ ተነሣ።

«እኔ አለሁ፤ ክቡር ፍርድ ቤት። ልጄ ሀጂራ በወባ ስትንቀጠቀጥ ይህ ልጅ አጠገቧ አድሯል።»

«ይቀመጡ፤ አቶ ሸምሱ፤ ተሳስቼ ነው የጠየቅሁት።»

«ጠይቀዋል፤ ጌታዬ፤ እኔም መልሻለሁ።»

ጓድ ታፈሰ ፈገግ አለ። «ይፈቀድ እንጂ፤ ጓድ ዳኛ! ለሚቀጥለው ገበያ ቀን ይቅረብ። ልጁ ከጠፋ ዋሱን እንወስዳለን፤ ለእኛ ያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ዳኛው እህል አልበላ አላቸው። ጫካው ከአማን ቤቶች ጓሮ ይጀምራል፤ አገሩን የሚያውቅ ልጅ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚያግደው አልነበረም። ልጁ እንዲጠፋ ተመኙ፤ ወዲያው ሸምሱ ትዝ ሲላቸው እንዳይጠፋ ጸለዩ፤ በሁለቱም አፈሩ። ቢጨንቃቸው ወደ ሸምሱ ሱቅ ሄዱ።

«ልጁ ቢጠፋስ፤ አቶ ሸምሱ?»

«ከጠፋ አላህ በሰላም ያድርሰው» አለ ሸምሱ፤ የታሰረውን የጆንያ አፍ ፈትቶ እንደገና እያሰረ። «ሂድ ብዬዋለሁ። እኔ ልጆቼን ይዤ የት እደርሳለሁ?»

በገበያው ቀን እንድርያስ ከአማን በእግሩ መጣ። ሸሚዙን አጥቧል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጀግና አይመስልም፤ የፈራ ልጅ ነበር።

«ክቡር ፍርድ ቤት፤ በቀጠሮዬ ቀርቤያለሁ። እኔን ከማስረከብዎ በፊት ዋሴ ከዋስትናው ይውረድልኝ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።»

ዳኛ ወልደጻድቅ ወደ ታፈሰ ሳይመለከቱ፤ ደጅ ያለው ሕዝብ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሸምሱን አሰናበቱት። ቀጥለውም የማስተላለፊያውን ትእዛዝ ፈረሙ፤ ፈሪ ነበሩና ከዚህ የሚበልጥ አልሆነላቸውም።

ሸምሱ በሩ ላይ ልጁን አቅፎ፤ «ምነው ልጄ፤ ሂድ አላልኩህም ነበር?» ብሎ አለቀሰ።

«ሀጂራን ማን ያሳድጋት?» አለው እንድርያስ። መኪናው ተነሣ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በአውራጃው የተሾመውንና የተሻረውን፤ የተሰለፈውንና የተፎከረውን ሁሉ ጽፈዋል፤ የእንድርያስ መቃብር ግን የት እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሸምሱ አርጅቶ፤ በልጆቹ ተከቦ፤ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ሀጂራም አግብታ ወለደች። ታሪክ ይህን የማንም ሰው ኑሮ ነው ብሎ አልፎታል።