የጃንጊል የግብዣ ደብዳቤ

መርማሪ ቡሩል ቢሮው ስትደርስ ኢሳቤክ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የስልኩ እጀታ በገመዱ ተንጠልጥሏል። ከራስጌው የወደቀው ከባድ የብረት ማኅተም ተጠርጎ ጸድቷል። አስከሬኑን ሲያነሱት ከደረቱ ሥር አንድ ወረቀት ተገኘ፤ ከጀርመን አገር እርሻ የተላከ የግብዣ ደብዳቤ።

ኢሳቤክ በኦሽ ከተማ፣ ተማሪዎችን በዕረፍት ወራት ለሥራ ወደ ጀርመን የሚልክ ቢሮ ኃላፊ ነበር። ወረቀት ሲመረምር ነጥብ አያሳልፍም። ተማሪዎቹ ሲመላለሱ ጫማቸው አልቆ፣ በሆዳቸው ሲረግሙት ከርመዋል።

አሁንም ዘንድሮ የሚሄዱት አሥራ አንድ ተማሪዎች ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለዋል። የኤምባሲ ቀጠሯቸው ከነገ ወዲያ ነው።

«እትዬ፣ ወረቀታችንን ብቻ ይስጡን!» አለ አንዱ።

«ሰው ሞቷል እኮ፣ ልጄ።»

«እኛም መሞታችን ነው!»

ቡሩል በሩን ዘጋችው። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ነገር አልቀና ብሏታል። የፍተሻ ፈቃዱ ፊርማ ጎድሎታል ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል፤ ሐኪሙም የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። የቢሮውን ጸሐፊ ካሊማን አስጠራች።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ብቻቸውን ነበሩ» አለች ካሊማ።

«የተጣላቸው ሰው ነበር?»

«ያልተጣላቸው ማን አለ? ትናንት ጠዋት ግን ጃንጊል የምትባል ተማሪ ‹ድፍት በል!› ብላቸው ነው የወጣችው።»

ጃንጊል ዓይኗ አብጦ ገባች።

«ድፍት በል ብለሽዋል?»

«ብያለሁ። ምላሴ በተቆረጠ!» አለች። «የድሮው ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎ ነበር። አዲሱን በዓይኔ ሳላይ ፋይልሽን አላሳልፍም አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓስፖርት ቢሮ አዲሱን ሰጡኝ። ስገልጠው ስሜ ተለውጧል! በፈረንጅ ፊደል በ‹ዜድ ኤች› ይጀምር የነበረው በ‹ጄ› ሆኗል። ለምን ብል፣ ‹አዲሱ ደንብ ነው› ብለው መስኮቱን ዘጉብኝ። የግብዣ ደብዳቤዬ ደግሞ በድሮው ስም ነው። እያለቀስኩ ቀጥታ አስተርጓሚው ጋ፣ ጋሼ ኡላን ጋ ሄድኩ። መላ ፈልግልኝ ብዬ ፓስፖርቴን እሱ ዘንድ ትቼ ቤቴ ገባሁ።»

«ለሌላ ሰው አሳይተሻል?»

«ለማን ላሳይ? ጋሼ ኢሳቤክ ደግሞ እንዲመልሰኝ?»

«ቤትሽ መሆንሽን ማን አየ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ማንም።»

ካሊማ ጥግ ላይ ሆና ከንፈሯን መጠጠች።

ሦስተኛው ኡላን ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተለካ ሰው ነው። ወረቀት ከመተርጎም ሌላ ከጀርመኑ እርሻ ጋር የሚጻጻፈውም እሱ ነው።

«እዚህ መጨረሻ የመጡት መቼ ነው?» አለችው ቡሩል።

«ሰኞ። ትናንት ከቤቴ አልወጣሁም።»

ከአስከሬኑ ሥር የተገኘውን ደብዳቤ ዘረጋችለት። «ይህንንስ ያውቁታል?»

«የጃንጊል ግብዣ ነው። ሰኞ ከሌሎቹ ጋር እኔው ራሴ አስረክቤያለሁ።»

ቡሩል የጃንጊልን ፋይል ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠች፤ ስልኩም መጨረሻ የተደወለበትን ቁጥር እንዲያሳያት አደረገች። ከዚያ ሁሉንም አስወጥታ ለረጅም ሰዓት ከጀርመን ጋር በስልክ ስትነጋገር ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አስቀምጣ በሩን ለተማሪዎቹ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«የጃንጊል ግብዣ ሁለት ነው» አለች። «አንዱ ፋይሏ ውስጥ ያለው፣ በድሮው ስሟ። ሌላው ሟቹ የወደቀበት፣ በ‹ጄ› የሚጀምረው። ፊርማቸው አንድ፣ ቀናቸውም አንድ፤ ሁለቱም ከሁለት ሳምንት በፊት ተጻፉ ይላሉ። ጃንጊል፣ ስምሽ መለወጡን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት።»

«ባለቤቷ ትናንት ያወቀችውን፣ የጀርመን ገበሬ ከሁለት ሳምንት በፊት በምን አወቀ?»

ቡሩል ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ደብዳቤው እዚሁ ኦሽ፣ ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የተጻፈው። አዲሱ ፓስፖርት ደግሞ ያለው አንድ ሰው እጅ ነበር። ሰኞ አስረከብኩ አልክ፣ ኡላን። ሰኞ ይህ ፊደል አልነበረም!»

«ካሊማም ቁልፍ አላት...» አለ ኡላን። ድምፁ ልኩን ስቷል።

«ካሊማ ፓስፖርቱን አላየችም። አንተ የተስተካከለውን ይዘህ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣህ። ኢሳቤክ ቀኑንና ፊደሉን አስተያየ፤ አልገባውም። እርሻውን ልጠይቅ ብሎ ስልክ አነሳ። የጀርመንን የስልክ መለያ ነክቶ ቁጥሩን ሳይጨርስ ማኅተሙን አነሳህበት። እኔ ጨረስኩለት። እርሻው ከዚህ ከተማ ማንንም አልጋበዘም። አሥራ አንዱም ደብዳቤ የአንተ ሥራ ነው።»

«አንድ ፊደል እኮ ናት!» ብሎ ጮኸ ኡላን። «ለልጅቷ ብዬ ነው! ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ምን ነበረበት?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ተማሪዎቹ መንገድ ለቀቁ።

«እትዬ፣» አለች ጃንጊል፣ «ዘንድሮ አንሄድም ማለት ነው?»

«አትሄዱም። ሄዳችሁ ቢሆን ግን የሚቀበላችሁ አልነበረም። በሰው አገር፣ በሐሰት ወረቀት...» ቡሩል አልጨረሰችውም። «ፓስፖርትሽም ለማስረጃ ፍርድ ቤት ይቆያል።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም» አለች ቡሩል። ይህን መልስ መስጠት እንደዚያን ቀን አስጠልቷት አያውቅም።

በቀብሩ ዕለት ኢሳቤክ ግቢ ውስጥ የለቅሶው ድንኳን ተተከለ። እንደ አገሩ ልማድ ወንዶቹ ምርኩዝ ተደግፈው ለቀስተኛውን እያለቀሱ ይቀበላሉ፤ ሴቶቹ ከውስጥ ሙሾ ያወርዳሉ። ቡሩል ከበሩ ቆማ ሳለች አሥራ አንዱ ተማሪዎች ተከታትለው ገቡ። ጃንጊል የሟቹ ሚስት ከነበሩት ባልቴት እግር ሥር ወድቃ ትንሰቀሰቅ ጀመር።

ባልቴቲቱ የልጅቷን ፊት አነሳ አድርገው አዩት፤ አላወቋትም።

«ዘመዱ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ» አለች ጃንጊል።