ያገኘኸውን በር

መምህር መርቪን ታል አስከሬናቸው የተገኘው ከመንገድ ዳሩ የድንጋይ ካብ ሥር ነው። ከበላያቸው ያለው የነሐስ ጽሑፍ የካፒቴን ፋሮው አሳሾች እዚህ ጅረት ዳር ሰፍረው ከውሃ ጥም እንደተረፉ ይናገራል። አናታቸውን የመታው ድንጋይም ከዚያው ካብ የተነቀለ ነበር።

በማለዳ ያገኟቸው እትዬ ሮና ናቸው፤ ከተማውም ከወዲሁ ጣቱን ወደ እሳቸው ቀስሯል። ሳጅን ኖሪን ኬትልን ይህ አንገበገባት።

«ለምን መጡ እትዬ?»

«ጠርቶኝ ነዋ፣ ያስቀረጸውን አዲሱን የነሐስ ጽሑፍ ሊያሳየኝ። ፋሮውን እየመራች ውሃው ድረስ ያመጣችው ቅድመ አያቴ ናት፤ ስሟ ካቡ ላይ ሊወጣ ነበር። ሰባ ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። እሱን ገድዬ ምን ላተርፍ?»

«ጽሑፉስ የት አለ?»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

ካቡን የሚጠብቀው የኖሪን አባት ወዳጅ ክላይቭ ሃንራሃን ነው፤ ድንጋዮቹን የደረደሩትም ጽሑፉን የጻፉትም አያቱ ናቸው። ደጃፉ ላይ ሻይ እየጠጣ አገኘችው።

«ከእሑድ ወዲህ እዚያ አልረገጥኩም» አላት።

«በእሑዱ ይሆናላ ጋሽ ክላይቭ። ወደ ካቡና ወደ ጅረቱ የሚያስገባውን በር ዘግተህ የዴስን ከብቶች ውሃ አስጠምተሃል እየተባልክ ነው።»

ክላይቭ ስኒውን አስቀመጠ። የዚህ አገር ሰው ነፍሰ ገዳይ ቢሉት ይከራከራል፤ የሰው በር ነካክተሃል ቢሉት ግን ደሙ ይፈላል።

«እኔ? ክፍት አገኘሁት፣ ክፍቱን ተውኩት። ያገኘኸውን በር እንዳገኘኸው ተው፤ እኔ በዚህ ነው ያደግኩት።»

ኖሪን ሌላ መልስ በሰጠኝ ብላ ተመኘች። አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሮናን፣ ክላይቭንና ዴስን ካቡ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ዴስ፣ እሑድ ይሄ በር እንዴት ነበር?»

«ዝግ፣ በሽቦ የታሰረ» አለ ከብት አርቢው። «ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ፓምፔ ስለተበላሸ ከብቶቹ ወደ ጅረቱ እንዲወርዱ ከፈትኩት።»

ኖሪን ወደ ክላይቭ ዞረች። «እሑድ የመጣ ሰው ዝግ ነው የሚያገኘው። አንተ ክፍት አገኘሁት አልከኝ። ስለዚህ የመጣኸው ዛሬ ነው፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ እትዬ ከመድረሳቸው በፊት። የትኛው ድንጋይ እንደላላ የሚያውቀውም ካቡን የሚጠግነው ሰው ነው። ጽሑፉን ደግሞ ከፒክአፕህ ወንበር ሥር አገኘሁት።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ክላይቭ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አያቴን ውሸታም ሊያደርገው ነበር። ተው ብዬ ለምኜዋለሁ።»

«አያትህ አልዋሸም» አሉ እትዬ ሮና። «ግማሹን ብቻ ነው የጻፈው።»

ክላይቭ ተይዞ ሲሄድ ኖሪን በሩን ክፍቱን ተወችው። እትዬ ሮና ጽሑፉን አቅፈው ወደ ኋላ ቀሩ።

«እትዬ፣ እንሂድ?»

«በሩን እንዳገኘሽው ተይው ልጄ» አሉ። «ካቡን ግን እኔ እንዳገኘሁት አልተወውም።»