በለይኩን ስም የተጻፈው

ጽዮናዊት መጀመሪያ የመጣች ቀን ለይኩን ቀና ብሎ አላያትም። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ የሰው ስልክ ላይ አፕ እየጫነ፣ «አቤት?» ያለው ለጣቶቿ ነበር።

«አንተ! ፊቴ እዚህ ላይ ነው!» አለችው።

ቀና አለ። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ ልቡ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምትማር ልጅ ናት። የጅማን፣ የአጋሮንና የሊሙን የቡና ዋጋ በየቀኑ የሚያሳይ አፕ ሠርታለች። «ለደንበኞችህ ጫንልኝ» ብላ ለመነችው፤ ጫነላት። ከዚያ ወዲያ እየተመላለሰች ከበርጩማው ላይ ትቀመጥ ጀመር። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይስቃል። የልቡን ግን አንድም ቀን አልተነፈሰም።

በ2008 ክረምት ተመርቃ አጋሮ ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ስትል፣ ስልኩን ከእጁ ወሰደችበት።

«እሁድ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው። ለአባቴ ምን ልበል?»

ለይኩን የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«አየህ! አፍህ እንደሁ አይከፈትም። አፔን ክፈትና ይህችን ‹አስተያየት› የምትለዋን ንካት። ሳታንከራትትህ በቀጥታ ፕሌይ ስቶር፣ አፔ ያለበት ገጽ ላይ ታደርስሃለች። ደጃፌ ማለት ነው። እዚያ ጻፍልኝ።»

«ሰው ሁሉ ያነበዋል እኮ!»

«ያንብበዋ! እኔ ካላፈርኩ አንተን ምን አሳፈረህ?»

እንደሄደች ነካት። ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ... «ጠብቂኝ። ያላንቺ ሱቁም ከተማውም ባዶ ነው።» አምስቱንም ኮከብ ሞላላት።

እሁድ አለፈ። ሌላም እሁድ አለፈ። ጽዮናዊት ዝም አለች።

«አንብባ ንቃኝ ነው» አለ ለራሱ። «ስድስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ምን ያደርግላታል?» አልደወለም።

አንድ ቀን ቡና ነጋዴው አቶ ከፈለ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«አካም፣ ለይኩን! ያ የጫንክልኝ አፕ የትናንቱን ዋጋ የዛሬ ነው ብሎ ገበያ መሀል አዋረደኝ። እኔም አልማርኩት! አስተያየት የምትለዋን ነካሁና ልክ ልኩን ነገርኩት።»

«መቼ... መቼ ነው?»

«ሰንብቷል፤ ያን ጊዜ፣ ጓደኛህ አጋሮ በሄደች ማግስት። አቦ፣ በስልክ መሳደብ ለካ እንዲህ ይቀላል!»

ለይኩን ነገሩ አሁን ገባው። ደንበኞቹ ኢሜይል የላቸውም። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ አፕ ጫኞች ሁሉ፣ በየሰዉ ስልክ የሚያስገባው የራሱን ኢሜይል ነበር። ለፕሌይ ስቶር አቶ ከፈለም ለይኩን ናቸው። ስቶሩ ደግሞ ለአንድ ኢሜይል አንድ አስተያየት ብቻ ነው የሚይዘው፤ አዲሱ ሲገባ የፊተኛው ይጠፋል።

ገጹን ከፈተ። በገዛ ስሙ፣ በገዛ ፎቶው ሥር፣ በአንድ ኮከብ፦ «አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ።»

ከሱቁ ጀርባ ሄዶ ደወለላት።

«ጽዮን... እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። አቶ ከፈለ ናቸው። ስልካቸው በእኔ ስም ነው የተከፈተው...»

«ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው፣ እኔ ጓዳ ሆኜ አነበብኩት። ልደውልልህ አልኩና... ክብሬ አልፈቀደልኝም። ወጥቼ እሺ አልኩ።»

«አሁንስ?»

«ቀለበት አድርጌያለሁ፣ ለይኩኔ። የአባቴን ቃል እንዴት ልጠፍ? አንተ ግን... ምን ብለህ ነበር?»

ያን ጊዜ አፉ ተከፈተ።

«ጠብቂኝ ብዬ ነበር። ያላንቺ ሱቁም ከተማውም ባዶ ነው ብዬ ነበር። እወድሻለሁም ብዬ ነበር... ያቺን ቃል ግን ፈርቼ አጠፋኋት።»

ስታለቅስ ተሰማው።

«ምነው በርጩማው ላይ ሳለሁ ባልከኝ!» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ለይኩን ‹አስተያየት›ን ነካት። አሁንም ሳታንከራትተው አደረሰችው። የአቶ ከፈለን ቃል ደምስሶ፣ «ጥሩ አፕ ነው። ሠሪዋን እግዚአብሔር ይባርካት» ብሎ ጻፈ። አምስቱንም ኮከብ መልሶ ሞላላት።

ወደ ሱቁ ሲመለስ አቶ ከፈለ ቆመው ይጠብቁታል።

«ምን ሆንክ? ዓይንህ ቀላ።»

«ምንም አልሆንኩም። ስልክዎን ይስጡኝ፤ በራስዎ ስም ልክፈትልዎ።»

«ይቆያል እንዴ?»

«ትንሽ ይቆያል፤ አረፍ ይበሉ» አለና፣ ከጽዮናዊት ወዲህ ሰው ያላስቀመጠባትን በርጩማ ወደ እሳቸው ገፋላቸው።