ከቀብር በኋላ የመጣ ፊርማ

ሰውየው ከተቀበሩ በኋላ ፈረሙ።

ፊርማው ያረፈው በቆርቆሮ ፋብሪካው የጡረታ ፈንድ ደንብ ማሻሻያ ላይ ነው። ማሻሻያው የሚጸናው ሦስቱም ባለአደራዎች ሲፈርሙበት ብቻ ነበር። ሦስተኛው ባለአደራ፣ አንጋፋው መካኒክ፣ አፈር ከለበሱ ሰንብተዋል። ከፊርማቸው ጎን የሰፈረው ቀን ግን ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ወሬው ሠራተኛውን አራደው። በመካኒኩ መሥሪያ ጠረጴዛ በኩል ማለፍ የሚደፍር ጠፋ።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ መጀመሪያ የጠረጠረችው የባለአደራዎቹን ሰብሳቢ ነው።

«ሰነዱን መዝገብ ቤት ያስገቡት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ። ግን ለመካኒኩ ስሰጣቸው በሕይወት ነበሩ። ከቤታቸው በፖስታ ተመለሰልኝ።»

«ቀኑን አላዩትም?»

«ፊርማው መሟላቱን አየሁ፤ በቃኝ። ቀን ማን ያያል?» አለ ላቡን እየጠረገ።

የጽሑፍ መርማሪው ፊርማውን መካኒኩ በመጨረሻ ዓመታቸው ከፈረሟቸው ሰነዶች ጋር አስተያየው። «ያው እጅ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ባዶው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አልፈቀዱላትም።

«እማማ፣ ፖስታውን ማን ላከው?»

«እኔ ልጄ። የፈረመው ግን እሱ ነው።»

ቃላቸውን ጽፋ እንዲፈርሙ ሰጠቻቸው። ብዕሩን አነሱ፤ እጃቸው አላመነታም።

መርማሪዋ ወረቀቱን አይታ ክው አለች። የሟቹ ፊርማ ነው።

ሴትየዋም አዩት። ብዕሩ ከእጃቸው ወደቀ።

«እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ እፈርምለት ነበር። ሰው እንዳይንቀው ብለን ደበቅነው። የራሴማ... እንዴት እንደነበር ጠፋኝ።»

«ከሞቱ በኋላስ?»

«ያ ማሽን የበላው ወጣት... ሚስቱ ሕፃናቷን ይዛ በራችን ላይ ታለቅስ ነበር። ማሻሻያው ከጸና የአባታቸው ጡረታ ለልጆቹ ይተላለፋል። ባለቤቴ ‹ነገ ፈርሚልኝ› አለኝ፤ ሳይነጋ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ‹ፈረምሽ?› ይለኛል።»

«ታዲያ ቀኑን ለምን ወደ ኋላ አልመለሱትም?»

«በሞተ ሰው ልዋሽ እንዴ?»

መርማሪዋ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ጻፈች። ሰነዱ ተሻረ። ሠራተኞቹ በሟቹ ፋንታ ሌላ ባለአደራ መረጡ፤ ሦስቱም እንደ አዲስ ፈረሙ። የሕፃናቱ እናትም የባሏን ጡረታ በልጆቿ ስም ተቀበለች።

ፍርድ ቤቱ ሴትየዋን በገደብ ለቀቃቸው። ጸሐፊው የመልቀቂያውን ወረቀት ዘርግቶ ብዕር አቀበላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«በአሻራዬ ይሁንልኝ ልጄ። ብዕር ስይዝ የሚመጣው እሱ ነው።»