የጆቴ መኪና ፍሬን

«እስቲ አዙሪው!» አላት ገሠሠ ከመኪናው ሥር ሆኖ።

ሸዋወርቅ በክሪክ የተነሳውን የፊት ጎማ በሁለት እጇ ይዛ ታገለች። ንቅንቅ አላለም።

«ድንጋይ ሆኗል አባባ።»

አባቷ ከጎማው ኋላ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቁልፍ ላላ አደረጋት። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ።

«አየሽ፣ የፍሬን ሸራው ነገር አይደለም። ዘይቱ ሄዶ አልመለስ ስላለ ነው የያዘው። ጣጣው ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው ነው።»

መኪናው የገበሬ ማኅበሩ ነው። ሐሙስ ዕለት ከደራ ስንዴ ጭኖ ሲመጣ ፍሬኑ ድንገት ያዘና ቦይ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። ሾፌሩ ጆቴ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀበሌ ታስሯል። ያኔ የመንግሥት ወይም የማኅበር ዕቃ ከተበላሸ ተበላሸ አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። የቀበሌው ተጠሪ ዘገዬም ደብተሩን ይዞ የቆመው ይህንኑ ሊሰማ ነው።

«ጓድ ገሠሠ፣ ጥፋቱ የሰው ነው የብረት?»

«ረጋ በል ጓድ፣ ብረት በችኮላ አይናገርም።»

ገሠሠ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ፈቶ ላስቲኩን አወጣ። እንደ ራሰ ባቄላ አብጧል። ከዘይቱ በጣቱ ነክሮ ውሃ ያለበት ጣሳ ላይ ጠብ አደረገ። እውነተኛ የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ይኼኛው ግን እንደ ወጥ ቅባት ከላይ ተንሳፎ ቀረ።

«የሞተር ዘይት ገብቶበታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላስቲኩን ያሳበጠው እሱ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ የሰው እጅ ነው። ባለፈው ጠግነኸው ከዚህ ጋራዥ ሲወጣስ?»

«ከእጄ ሲወጣ ደህና ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«እግዜርን ተወውና የሰው እጅ ነው ብለህ አንተ ትፈርምልኛለህ። ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ።»

ዘገዬ ሲወጣ ሸዋወርቅ የዘይት ጠርሙሶቹ የተደረደሩበትን መደርደሪያ አየች። ማክሰኞ ዕለት አባቷ ለቀብር ዱከም ሄዶ ሳለ ጆቴ እየተጣደፈ መጣ። «የኔ ልጅ፣ የፍሬን ዘይት ጎድሎብኛል፤ ጠብ አድርጊልኝ» አላት። የፍሬን ዘይት ከገበያ ጠፍቶ፣ ሲገኝ በስኒ እየተገዛ በአረቄ ጠርሙስ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። የሞተር ዘይቱም ያለው በአረቄ ጠርሙስ ነው። አንዱን ከመደርደሪያው አንስታ ሞላችለት። «ጀባዱ፣ በርቺ! መካኒኳ!» ብሎ ሲያደንቃት ደረቷን ነፍታ ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

ገሠሠ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ማን ያውቃል?» አላት።

«ጆቴ ብቻ።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ልጅ ናት ብለው አይተዉሽም። ጊዜው ክፉ ነው።»

«እሱስ?»

አባቷ ቁልፉን አንስቶ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

በዚህ መሃል የጆቴ ልጅ ሆራ በሩ ላይ ቆመች። የአባቷን ምሳ በፎጣ ቋጥራ ይዛለች። ከሸዋወርቅ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት።

«ጋሼ ገሠሠ፣ ነገሩ ታወቀ?» አለች። ገሠሠ አቀረቀረ። ሆራ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«አባትሽ ምን ይላል?»

«ምን ይላል! ዘይት ማን ሞላልህ እያሉ ሁለት ቀን ሙሉ አፋጠጡት። ‹ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም› ብሎ ድርቅ። እማዬማ እየጮኸች ነው፤ ማንን ነው የሚደብቀው እያለች።»

ጆቴ የሸዋወርቅን ስም አልጠራም። ሁለት ሌሊት እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ስሟን አልጠራም።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሆራ፣ ቆይኝ፤ አብሬሽ ቀበሌ እሄዳለሁ። በመንገድ ላይ የምነግርሽ ነገር አለ። ከሰማሽ በኋላ ብትጠዪኝም አልቀየምሽም።»

«ሸዋ!» አለ አባቷ።

ዞር ብላ አየችው። ልጆቹ መንገዱን ሲጀምሩ ገሠሠ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደና፣ የጋራዡን በር እንኳ ሳይዘጋ ተከተላቸው።