የሽፋኗ ልጅ ዓይን

ሜላት ሞታ የተገኘችበት ጠዋት ፊቷ የቆሰበርን ሱቅ ሁሉ ሞልቶት ነበር። «ፍካት» የተባለው የልጃገረዶች መጽሔት አዲስ እትም ሊወጣ ነው ተብሎ፣ ማስታወቂያዋ በየኪዮስኩ መስኮትና በየባጃጁ መስታወት ተለጥፏል። ኢንስፔክተር ስሜነሽ ሬሳው ወደተገኘበት ፎቶ ቤት ስትሄድ ልጅቷ ከየአቅጣጫው አየቻት። ጓዳው ውስጥ ስትገባ ግን እነዚያ ዓይኖች ተከድነው አገኘቻቸው። 

ሜላት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። በማለዳ ዘንገና ሐይቅ ዳር ለቀጣዩ እትም ፎቶ ልትነሳ፣ ከአዘና ከተማ መጥታ ጓዳው ውስጥ በሩን ቀርቅራ አደረች። የቆሰበር ብርድ የዋዛ አይደለምና ጥበቃው አያ ይኸነው ማንደጃ ከሰል አስገብተውላት ነበር። ጠዋት በሩ ሲሰበር ልጅቷ በከሰሉ ታፍና ሞታለች። ከተማው መቼም ለመፍረድ አይቸገር፣ «ሽማግሌው ጨረሳት» አለና አረፈው። አያ ይኸነውም ጣቢያ ገቡ፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ነው።

ስሜነሽ በሩ ሥር ተንበረከከች። ከደፉ በስተውጭ የበሩን ሥር ክፍተት ደፍኖ የነበረ የተጨማደደ ወረቀት ወድቋል።

«ይህን ማን ወተፈው?»

«ራሷ ትሆናለች፤ በርዷት» አለ የፎቶ ቤቱና የመጽሔቱ ባለቤት አየነው።

«ከውስጥ ቀርቅራ ከውጭ ወተፈች?»

አየነው ያላበውን እጁን ባለፈው ወር ሽፋን ጠረገ፤ የሽፋኗ ልጅ ጉንጭ ጠቆረ።

ስሜነሽ ወረቀቱን ዘረጋችው። ትናንት አመሻሽ ከባሕር ዳር በሚኒባስ የገባው አዲሱ እትም ነው። ሽፋኑ ግን የለም። አልተቀደደም፤ የመጽሔቱ ማያያዣ ሽቦ በጥፍር ተቃንቶ፣ ተመልሶ ታጥፏል።

«የመጽሔቱ ጥቅል ሲፈታ እነማን ነበራችሁ?»

«እኔ፣ ሜላት፣ ጓደኛዋ ሸጋና አያ ይኸነው። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ሸጋ ፀጉሯን ልትሠራላት ቀረች።»

ስሜነሽ የቀረውን ጥቅል አስቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ስትወጣ የጥበቃ ቤቱን ጎበኘች፤ ሽማግሌው የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ አሮጌ «ፍካት» ከነሽፋኑ ታጥፎ ተነጥፏል።

ጣቢያ ያገኘቻቸው አያ ይኸነው አንገታቸውን እንደደፉ ነበሩ።

«ከሰሉን እንዴት አስገቡት፣ አያ?»

«ደጅ አንድጄ፣ አመድ ሲለብስ ነዋ! እኔ የከሰል አገር ሰው ነኝ ልጄ። ደሞስ በሩ ሥር ድመት የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ እሱን አምኜ ነው።» እንባቸው መጣ። «‹ደህና ይደሩ አባባ› ብላኝ ነበርኮ።»

ሸጋን ፎቶ ቤቱ ደጅ አገኘቻት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ይህ ሽፋን ምኑ ነው እናንተን እንዲህ የሚያሳብዳችሁ?»

ልጅቷ ለአፍታ ሐዘኗን የረሳች መሰለች። «ዓይኗ ነዋ! የትም ቢቆሙ እርስዎን ብቻ ነው የምታየው። ኪዮስኩ ፊት ተሰብስበን ስንቆም፣ እያንዳንዳችንን ‹ቀጣይዋ አንቺ ነሽ› የምትለን ይመስለናል።»

«አንቺንም ብላሻለች?»

«እኔን እንኳ ያለኝ አየነው ነው» ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ከሰዓት በኋላ ስሜነሽ ሁሉንም ሸጋ የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የጭቃው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በዱቄት ሙጫ በተለጠፉ ሽፋኖች ተሸፍኗል። ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥ ስሜነሽ ቀፈፋት፤ ጀርባዋን ለየትኛው እንደምትሰጥ ግራ ገባት። የሜላት እናት ወይዘሮ ወርቅነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ይኸነው በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመዋል።

«በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ወረቀቱ ከውጭ ነው» አለች ስሜነሽ። «ስለዚህ የወተፈችው ሜላት አይደለችም። ቀጥሎ ሽፋኑ። አየነው እጁን ይጠርግበታል፣ አያ ይኸነው ይቀመጡበታል። እነሱ ቢሆኑ ከነሽፋኑ ጨምድደው በወተፉት ነበር። ሽቦ አቃንቶ ሽፋን ሳይቀድ የሚያወጣ ሽፋን የሚለጥፍ ሰው ነው። ያን ጊዜም እጇ ልማዱን አልተወም።»

«የቆሰበር ልጅ ሁሉ ይለጥፋል!» አለች ሸጋ።

«እውነትሽን ነው። አየነው፣ ይቺን አንብብልኝ።»

ከፊቶቹ መካከል ፊት የሌለው አንድ ቦታ ነበር፤ ጽሑፍ ብቻ። ሙጫው ገና አልደረቀም።

«‹ውድ አንባቢዎቻችን...›» አለና አየነው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «ይሄ እኮ የዚህ ወር መልእክቴ ነው! ከሽፋኑ በስተውስጥ ያለው። ገና አልተሸጠም!»

«ጥቅሉን ከጠዋት ጀምሮ እኔ ነኝ የቆለፍኩት። ለሸጋስ ምን ብለሃት ነበር?»

«የዚህ ወር ሽፋን ያንቺ ነው ብያት ነበር» አለ አየነው አቀርቅሮ። «ኋላ የሜላት ዓይን በለጠብኝ።»

ሸጋ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። «እንድትሞት አይደለም! አባቴ ከሰል ሲያከስል ነው ያደግሁት፤ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያቀላል። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ፎቶው ይቅርባት፣ እኔን ይውሰደኝ ብዬ ነው!»

«እኔን አስረው ሲወስዱኝስ ልጄ?» አሉ አያ ይኸነው ቀስ ብለው።

 ወይዘሮ ወርቅነሽ ተነሥተው የረጠበውን ጠርዝ ላጡት። የሜላት ፊት ሙጫ እንደለበሰ ብቅ አለ።

«ሌሎቹን ሁሉ ወደዚህ አድርገሽ፣ የኔን ልጅ ለምን ወደ ግድግዳ አዞርሻት?»

ሸጋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «የትም ብቆም ታየኛለቻ!»

እናት ሽፋኑን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙት። አያ ይኸነው ተፈቱ፤ ግን የትም ሳይሄዱ ከወይዘሮ ወርቅነሽ አጠገብ ተቀመጡ። ሸጋን ወደ ጣቢያ የወሰዳት ባጃጅ መስታወቱ ላይ የሜላት ማስታወቂያ እንደተለጠፈ ነበር። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችም።