ለዋንዛው ጥላ የሚሆን አበባ

«ፀሐይ ያላየ አበባ ምን ብሎ ይፈካል?»

አሉ እሜት ኡምኩልሱም ለራሳቸው። በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው የጽጌረዳዋን ቅጠል ሲነኩት እጃቸው ላይ ቀረ። ልጃቸው ሙሐሲን ከደሴ በሚኒባስ አስጭኖ ያመጣቸው ጽጌረዳዎች በየሳጥናቸው ቢጫ ሆነው ረግፈዋል።

የልጅ ልጃቸው ሱሀይላ ከጎናቸው ቆማ ታያለች። እናቷ ሀጀራ ጂዳ ለፍታ ያሠራችው ቤት በረንዳው ሰፊ ነው፤ ዳሩ ግን ግቢው ውስጥ ያለው ዋንዛ ቀኑን ሙሉ ያጠላበታል። ሀጀራ መስከረም ላይ ልትመጣ ነው። በስልክ የለመነችውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስገባ በረንዳዬን አበባ ሞልቶት ልየው።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ አጎቷ ሙሐሲን። «ቅዳሜ ዋንዛውን እንጥለዋለን።»

ሱሀይላ ክው አለች። ከጓደኛዋ ከምህረት ጋር ለሚኒስትሪ ፈተና ያጠኑት እዚያ ዛፍ ሥር ነው። የተቀደደ ደብተራቸውን የሚለጥፉት በዋንዛው ፍሬ ሙጫ ነው። ለእናቷ ደውላ ብትነግራት «አጎትሽ ያውቃል» ብላ ዘጋችባት።

«ጥላ ውስጥ የሚያብብ ነገር ባገኝስ?» አለችው።

«ካገኘሽማ መጋዜን ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ሳቀ። «ግን ሳጥኖቹ ሁሉ ይሙሉ። አንድ ሁለት ቅጠል ሰክተሽ እንዳትሸውጂኝ!»

በማግስቱ ሱሀይላ ሽንኩርት ልታመጣ ጓዳ ስትገባ፣ ጨለማው ጥግ ካለው ቅርጫት ውስጥ ነጣ ያለ ቡቃያ ብቅ ብሎ አየች። አያቷ ለዒድ እጅና እግራቸውን ሞቀውበት የተረፋቸው የእንሶስላ ሥር ነው።

«እምዬ፣ ይሄ ጨለማ ውስጥ ምን አይቶ በቀለ?»

«እሱማ ድሮም ጥላ ነው የሚወደው። ከሰፈራችን በታች ካለው ገደል ሥር፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት፣ ያን ነጭ አበባውን ዘርግቶ...» እሜት ኡምኩልሱም አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ያ ረቢ፣ ምን ነካኝ! አንቺ ልጅ፣ ነሐሴ ነው፤ ገደሉ ድጥ ነው። ብትወርጂ ገደልሽኝ ማለት ነው! ለእናትሽ ምን እላታለሁ?»

«ከአፋፉ አላልፍም፣ ወላሂ።»

ከምህረት ጋር ሄደች፤ እንደማለችውም ከአፋፉ አላለፈችም። ቋጥኝ ያጠላበትን እየፈለገች እንሶስላውን ከነአፈሩ ነቀለች። ከድንጋይ ሥር ደግሞ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ለምለም ቅጠል አገኘች።

«እነዚያን ቢጫ አበባዎች ውሰጂ እንጂ፣ እነሱ አይሻሉም?» አለች ምህረት።

«ፀሐይ ላይ ነው የቆሙት። በረንዳችን ላይ እንደ ጽጌረዳው ነው የሚሆኑት።»

«እና እንሶስላ? ሙሽራ ባለፈች ቁጥር ሥሩን ነቅላ ባትሞቅብሽ!»

«ሙድ ያዢ አንቺ» አለች ሱሀይላ፤ ግን መቆፈሯን አላቆመችም።

ቤት ስትደርስ ረጅሙን እንሶስላ ከሳጥኑ ኋላ፣ ላባ መሳዩን ቅጠል ወደ ውጭ እንዲንጠለጠል ከፊት ተከለችው። ሁለት ሳጥን ሞላ፤ የአፋፉ እንሶስላም በዚያው አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሐሲን መጋዝና ገመድ ይዞ መጣ። በረንዳው ላይ ወጥቶ አንዱን ነጭ አበባ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ያምራል፤ አልዋሽም። የቀሩት ግን ባዶ ናቸው።»

«ገደሉ ሥር ሞልቷል፣ አጎቴ።»

«እዚያ መውረዱን እናቴ አይፈቅዱም። በይ ዞር በይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልጀምር።»

ገደሉ ብትወርድ መጋዙ ይጀምራል፤ ብትቀር ሳጥኖቹ ባዷቸውን ይቀራሉ። በዚያ ላይ ላትወርድ ምላለች። ሱሀይላ ወደ ዋንዛው ሄደች፤ ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ሱሂ፣ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ቅዳሜ ነው ያልከው፤ ቅዳሜ እስኪመሽ ቅዳሜ ነው። ከዚህ አልነሳም።»

ሙሐሲን መጋዙን መሬት ላይ አጋደመና ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ይንገሯት እንጂ!»

እሜት ኡምኩልሱም ከቤት ሲወጡ አፋቸው አርፎ አያውቅም። ለጎረቤት እንኳ ሲሄዱ «በሩን ዝጉ፣ ዶሮዎቹን እዩ፣ እሳቱን አደራ» ሳይሉ ደጃፉን አይሻገሩም። አሁን ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ዶማና ባዶውን የማዳበሪያ ጆንያ አነሱ። ልጃቸውን አላዩትም፤ ዛፉ ሥር የተቀመጠችውንም አላዩም። የግቢውን በር ከፍተው፣ ወደ ገደሉ በሚወስደው መንገድ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።